ለየኔታ ገና ያልገባች ቃል

እትዬ ዘውዴ የደወሉልኝ ረፋድ ላይ ነው። የተፈታታ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ፣ ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ማግኔት ላይ እየደረደርኩ ነበር። «ባለ ሽቦ፣ የኔታ አረፉ» አሉኝ፤ ስልክ ጠጋኝ ስለሆንኩ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። ከበስተጀርባቸው ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ካስማ ሲጠያየቁ ይሰማኝ ነበር።

ስልኩን ለባለቤቱ ገጣጥሜ መስጠት ስለ ነበረብኝ ሥራዬን ቀጠልኩ። አፌ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ያወቅኩት ሰውየው «ምን እያልክ ነው?» ሲለኝ ነው። «ቤት፣ ተወራረደ። ጌት፣ አገኘ» እያልኩ ኖሯል። እንደ ዳዊት በቃሌ ያጠናኋቸው የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ያስጠኑኝ የኔታ አስረስ ናቸው።

የኔታ ጎንደር ውስጥ፣ ከሰፈራችን ደብር ጀርባ ባለች ቤት ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘውዴ ጋር ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለሕፃናት ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ። የተወለዱት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ ያደጉት ግን ቅኔ ቤት ነው። አጭር ሰው ነበሩ። ጥምጥማቸው ሁልጊዜ በግራ በኩል ትንሽ ይዘማል፤ እትዬ ዘውዴ ባቃኑት ቁጥር ተመልሶ ይዘማል። ሲያስተምሩ የምትናገረው ቀኝ እጃቸው ነበረች።

መጀመሪያ ያወቅኳቸው ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልካቸውን ይዘው ሱቄ በመጡ ቀን ነው። «ይቺ ስልክ በእንግሊዝኛ ታወራኛለች» አሉ። ቋንቋዋን ወደ አማርኛ ልቀይርልዎ ብዬ እጄን ስዘረጋ ስልኳን ወደ ደረታቸው ሳቧት።

«እንዳትነካብኝ። ፊደሏ ደቀቀብኝ እንጂ ማን አፏን ዝጋ አለህ? ምን እያለች እንደሆነ ንገረኝ።»

አየሁና «ሴት» ይላል አልኳቸው። ፍቺውን ጠየቁኝ። ሲጫኑት የመረጡትን ነገር እንደሚያጸናው ነገርኳቸው።

«እሱ ሥራው ነው» አሉ። «የጠየቅኩህ ፍቺውን ነው።»

ትምህርት ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። ጥገናውን የተማርኩት የተበላሸ ስልክ እየፈታሁ ለብቻዬ ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በየቀኑ አያቸዋለሁ፤ ሲጫኗቸው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ምን ማለት እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ይህን ያስተዋለብኝ ሰው አልነበረም። የኔታ ስልኳን ኪሳቸው ከተቷትና «ሴት ማለት አኖረ ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና፣ ዘመዶቿን አሳይሃለሁ» ብለው ሄዱ።

እሑድ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የቀረሁበትን እሑድ አላስታውስም።

እንግሊዝኛን እንዴት እንደ ጀመሩ ሲያጫውቱኝ ይስቁ ነበር። ዲያቆን ሳሉ አንድ ፈረንጅ በአስጎብኚው በኩል ስለ አንድ የቆየ ሥዕል ጠየቃቸው። «አላውቅም» ብለው መለሱ። አስጎብኚው ያቺን አንዲት ቃል ተቀብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ፈረንጁም ደብተር አውጥቶ ጻፈ። «አላውቅም ስል ይኼን ሁሉ ማለቴ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ረጅም ቃል አያምኑም። «ረጅም ቃል መደበቂያ አለው፤ አጭር ቃል ራቁቱን ነው» ይሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ከሦስት ፊደል የሚያልፍ የእንግሊዝኛ ቃል አስተምረውኝ አያውቁም።

አስተማማራቸው የቅኔ ቤቱ ነው። ቅኔ ተማሪ የግዕዙን ግስ ከነአማርኛ ፍቺው በዜማ እንደሚያወርድ፣ እሳቸውም ቤት የሚመቱትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሰብስበው ያወርዷቸዋል። መጨረሻቸው አንድ የሆኑት ሁሉ አንድ ቤት ናቸው። መጀመሪያ ያለችውን ፊደል «በረኛ» ይሏታል። «በረኛው ሲለወጥ ቤተኛው ይለወጣል» ብለው በኢ እና በቲ የሚያልቁትን እንዲህ አስጠኑኝ፦

ቤት፣ ተወራረደ። ጌት፣ አገኘ። ጄት፣ ፈጥኖ የሚበር። ሌት፣ ተወ። ሜት፣ ተገናኘ። ኔት፣ መረብ። ፔት፣ አቅፈው የሚያሳድጉት። ሴት፣ አኖረ። ቬት፣ የከብት ሐኪም። ዌት፣ ረጠበ። ዬት፣ ገና።

አንድ ቀን ጎረቤት በአጥሩ በኩል ሲያልፍ «ሴት፣ አኖረ» የምትለዋን ብቻ ሰምቶ ወሬውን ሰፈር አዳረሰው። እትዬ ዘውዴ ራት ሲያቀርቡላቸው «ያኖሯትን ሴትዮስ ጠርተዋታል ወይስ ለብቻ ነው የሚበሉ?» ሲሏቸው ሰነበቱ። የኔታ ደግሞ ጎረቤቱን መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር «ቬት!» ይሉታል። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገሩትም።

እኔ ቃሉን እጠራለሁ፣ እሳቸው ፍቺውን ይመልሳሉ፤ ከዚያ እንለዋወጣለን። ፍቺውን በትክክል ስመልስ ቀኝ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። «ቃል በር ላይ ይቆማል፤ የሚገባው ፍቺው ነው» ይሉ ነበር። ያቺ እጅ ደረታቸው ላይ ካላረፈች ወደሚቀጥለው ቃል አንሄድም።

ከአንዷ ቃል በቀር። ሌት ብለው ሲጠሩልኝ «ተወ» እላለሁ፤ እጃቸው ግን ጉልበታቸው ላይ እንደ ሆነች ትቀራለች፤ ወዲያው ሜት ይላሉ። መጀመሪያ የረሱ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ሆን ብዬ እጃቸውን እያየሁ መለስኩ። አልተነሳችም። በሌላውም እሑድ አልተነሳችም። ብሎን የጎደለው ነገር ሳይ ዝም ማለት ስለማልችል ጠየቅኳቸው።

«ይኼ የኛው ኀደገ ነው» አሉ። «ኀደገ፣ ተወ። በአቡነ ዘበሰማያት በየቀኑ እላታለሁ፤ የበደሉንን እንደምንተው እያልኩ። ፍቺዋን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ገና አልገባችኝም።»

ሌላ እንዳልጠይቅ በረኛውን ለውጠው ወደ ሌላ ቤት ሄዱ።

ነገሩን የነገሩኝ እትዬ ዘውዴ ናቸው። የየኔታን ታናሽ ወንድም፣ አያሌውን፣ በእርሻ ድንበር ጠብ የገደለው የድንበርተኛቸው ልጅ ጌታነህ ነው። ጌታነህ ተፈርዶበት ታሰረ። የአያሌውን ልጅ ሙላትን የኔታ ጎንደር አምጥተው ከፊደል ጀምሮ አስተማሩት፤ የእንግሊዝኛ ቤቶቹንም እንደኔው አውርዷቸዋል። ጎልምሶ የአባቱን መሬት ሊያርስ ወደ መንደሩ ሲመለስ ግን የአባቱን ጠመንጃም ተረከበ። አሁን የጌታነህ ፍርድ እያለቀ ነበር።

እዚያ አገር ደም በፍርድ ቤት ብቻ አይደርቅም። ሽማግሌ ገብቶ፣ መስቀል ቀርቦ፣ ሁለቱ ወገን ባለበት የሟች ታላቅ «ትቻለሁ» ማለት አለበት። በራሱ አፍ ነው። በተወካይ አይሆንም፤ በወረቀትም አይሆንም። የአያሌው ታላቅ ደግሞ የኔታ ነበሩ።

ሽማግሌው አያ ደምሴ ለዚህ ጉዳይ ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመላለሱ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ረጅምና ቀጭን፣ ዱላቸውን ከበር ውጭ አስደግፈው የሚገቡ ሰው ናቸው። የኔታ የሚመልሱላቸው አንዲት ቃል ነበረች፦ «ገና»። በመጨረሻ ሙላትን ይዘውት መጡ። እኔም ስለ ነበርኩ ሰምቻለሁ። አያ ደምሴ ጌታነህ መፈታቱን፣ ለጊዜው ዘመድ ቤት መሸሸጉን፣ የሚሄድበት ሌላ አገር እንደሌለው ተናገሩ።

የኔታ «ቀን ቁረጡ» አሉ። «ቃሌን እዚያው ትሰሙታላችሁ።»

«ይተዋሉ ማለት ነው የኔታ?»

«ትሰሙታላችሁ ነው ያልኩ።»

አያ ደምሴ ወደ ሙላት ዞሩ። ሙላት ወፍራም አንገት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «እኔ የአጎቴን አፍ ነው የማይ» አለ። «ተውኩ ካሉ እተዋለሁ። ካላሉ ጌታነህ ያቺን መሬት ረግጦ አያድርም።»

ቀኑ ተቆረጠ። ሳይደርስ የኔታ ጸበል ሊጠጡ ጎንበስ እንዳሉ ወደቁ።

ሐኪሙ ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ መፍሰሱን ነገረን። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። ንግግራቸው ጠፋ። የሚባለውን ይሰማሉ፣ ዓይናቸው ይመልሳል፤ አፋቸው ግን የእትዬ ዘውዴን ስም እንኳ ማውጣት አቃተው። በቃል የተጠና ነገር አንዳንዴ ይተርፋል ብሎ ሐኪሙ ጸሎት እንድናስጀምራቸው መከረን። እውነቱን ነበር። አቡነ ዘበሰማያትን ሲያስጀምሯቸው እስከ መጨረሻው ወረዱት። ሲጨርሱ ግን ውሃ ለመጠየቅ የሚሆን ቃል አልነበራቸውም።

ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥኩና «ቤት» አልኩ፤ ተስፋ አድርጌ አልነበረም። «ተወራረደ» አሉ። ከዚያ ቃሉንም ፍቺውንም ራሳቸው እየጠሩ እንደ ጎርፍ ወረዱት፣ ሌት ተወ፣ ሜት ተገናኘ፣ እስከ ዬት፣ ገና ድረስ። እትዬ ዘውዴ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። በሩ ላይ የቆሙትን አያ ደምሴን ያየሁት ያኔ ነው። ፊታቸው ጠቁሯል። የደረሱት ለመጨረሻዋ ቃል ብቻ ነበር።

«ገና አሉ?»

ጥናት መሆኑን፣ ያቺ ቃል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እንደምትመጣ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። «ለኔ ነገርከኝ፤ ደግ አረግህ» አሉ። «ሙላት ግን ጥናቱን ቢያውቀውም ሰበብ አያጣም። በዚያ ቀን ከአፋቸው ገና የምትል ቃል ከወጣች የሚይዛት እሷን ነው። ጌታነህ ድንጋይ ተሸክሞ እፊቱ ሊቆም ነው እኮ።»

ከዚያ በኋላ መሃል ላይ ለማስቆም ብዙ ሞከርን። እጃቸውን ያዝኩ፤ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ቤት ጠራሁ። አልሆነም። አንዴ ከተጀመረ ቁልቁለት እንዳገኘ ውሃ ነው። እሳቸውም ማስቆም ፈልገው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ፣ አፋቸው ብቻውን ወርዶ ወርዶ ገና ላይ ያርፋል። ቀኑን ለማራዘምም አልተቻለም። ጌታነህ የተሸሸገበት ቤት ታውቆ ነበር።

እኔን የጨነቀኝ ሌላም ነገር አለ። በዕለቱ ምን ሊሉ አስበው እንደ ነበር አንድም ሰው አያውቅም። «ትሰሙታላችሁ» ብለው ነው የተዉት። ያቺ እጅ ጉልበታቸው ላይ ስትቀር ያየሁ እኔ ነኝ።

መንገዱ ክፍት በነበረበት ጠዋት ሚኒባስ ተኮናትረን ወጣን። የኔታን መካከል አስቀምጠን በጋቢ ጠቀለልናቸው። ኬላው ላይ ወታደሩ ወዴት እንደሚሄዱ እሳቸውን ጠየቃቸው። ዝም ሲሉት ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመ። ታመው ነው አልኩት። «አንተን አልጠየቅኩህም» አለኝና ጎንበስ ብሎ ፊታቸውን አየ፤ ጥምጥማቸውንም አየ። ከዚያ በእጁ እለፉ አለን። ኮሶዬን ስናልፍ ነፋሱ በመስኮቱ ጎማ እያፏጨ ይገባ ነበር።

ሰዉ የተሰበሰበው ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ውጭ፣ ወይራው ሥር ነው። የአያሌው ወገን በአንድ በኩል፣ የጌታነህ ወገን በሌላው በኩል፣ መሃል ላይ መስቀል የያዙ ቄስና ሽማግሌዎቹ። ሙላት ከሁሉም ፊት ቆሟል። ሌላው ሰው መሣሪያውን አስቀምጦ ነው የመጣው። እሱ ግን ትከሻው ላይ እንዳለ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ደፍረው አውርድ አላሉትም።

ጌታነህን አመጡት። ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ፣ ድንጋይ ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ እየተመራ መጣና ተንበረከከ። የሚያየው ነገር የለም፤ የሚሰማ ብቻ ነው። የነጠላው ጫፍ በትንፋሹ ገባ ወጣ ሲል አስታውሳለሁ።

አያ ደምሴ «የኔታ፣ ቃልዎን» አሉ።

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ደገሙት። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ከጌታነህ ወገን አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ቄሱ ሊረዱ ፈልገው አቡነ ዘበሰማያት ቢሉልንስ፣ እዚያም ውስጥ ትተናል የሚል አለበት አሉ።

«ያንንማ የገደለውም ይለዋል» አለ ሙላት።

የኔታ ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ጥራልኝ የሚሉበት ነው። እኔ ግን የማስበው የመጨረሻዋን ቃል ነበር። ብጠራ እስከዚያ ድረስ ይወርዱታል፣ ሙላትም ይሰማታል። ባልጠራ ደግሞ ምንም ሳይሉ ቀኑ ያልፋል። ዓይናቸውን አልነቅል አሉኝ።

«ቤት» አልኩ።

«ተወራረደ» አሉ። «ጌት፣ አገኘ።»

ሙላት ቀና አለ። ቤቱን አውቆታል። ሌላው ሰው ግራ ተጋብቶ ይተያያል። አንድ ሽማግሌ በሹክሹክታ ይቃዣሉ መሰለኝ አለ።

«ጄት፣ ፈጥኖ የሚበር። ሌት፣» አሉ፤ «ተወ።»

ከንፈራቸው ለሜት ገጥሟል። አየሁት። እዚያው ላይ ነከሱት። የአንገታቸው ሥር ተወጠረ፤ አገጫቸው ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ከአፍንጫቸው በኩል እም እያለ ሊያመልጣቸው ሆነ፤ ግን አልለቀቁትም።

አያ ደምሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ተቸገሩ እኮ፤ የቀጠለውን አስታውሳቸው።»

«አልረሱትም» አልኩ። ከአሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ ነበርና ሰዉ ሁሉ ሰማኝ። «ከታመሙ ጀምሮ ጥናቱን መሃል ላይ አቁመው አያውቁም። አሁን ሆን ብለው አቆሙት።»

የኔታ ጋቢያቸውን በግራ እጃቸው ገለጡ። ጭናቸው ላይ የተኛችውን ቀኝ እጃቸውን ከአንጓዋ ያዙና አነሷት። ከበደቻቸው፤ አንዴ አምልጣቸው ወደቀች። ልረዳቸው ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ። እንደገና ያዟት፣ ወደ ላይ ጎተቷት፣ ደረታቸው ላይ አሳረፏት፤ እንዳትወርድም በግራ እጃቸው ደግፈው ያዟት።

አያ ደምሴ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሊጠይቁኝ ዞሩ። መልሱ ከእኔ አልመጣም።

«ገባቻቸው» አለ ሙላት።

ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አያ ደምሴ ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። እሱ ግን አልፏቸው ሄዶ ወይራው ሥር አጋደመው። ከዚያ ተመልሶ ከጌታነህ ጫንቃ ላይ ድንጋዩን አነሳ። ጌታነህ የማን እጅ መሆኑን ስላላወቀ እንደ ተንበረከከ ቀረ። ነጠላውን ከፊቱ የገለጠለትም ሙላት ነው። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም።

ማዕድ ተቆርሶ ስንነሳ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው እየመጣ ጉልበታቸውን ሲስም የኔታ ከንፈራቸውን እንደ ገጠሙ ነበሩ። ውሃ ስናቀርብላቸው አልጠጡም፤ እህልም አልቀመሱም። እትዬ ዘውዴ ተጨንቀው ምነው ምን ሆኑ ሲሉ አመማቸው እንጂ ሌላ አልመሰለንም።

ሚኒባሱ ከመንደሩ ወጥቶ አስፋልቱን እንደ ያዘ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ማንም ሳይጠራላቸው፣ ቀስ ብለው፣

«ሜት፣ ተገናኘ» አሉ።

ኔትን፣ ፔትን፣ ሌሎቹንም ሁሉ አከታትለው ለቀቋቸው። ያን ሁሉ ሰዓት ጥርሳቸው መሃል ይዘዋቸው ኖሯል።